ማኅበር ቢፈርስ ድካሙ ከንቱ ነውን?

ሰው ብቻውን የሆነ ጊዜ ያንጐራጕራል፤ ሁለት የሆነ እንደ ሆነ ይቀባበላል፤ ብዙ የሆነ ጊዜ ግን ማኅበር ያቆማል። ማኅበርም ካቆመ በኋላ ስም ያወጣለታል፤ አለቃ ይመርጥለታል፤ የሚሰበሰብበትንም ቀን ይወስንለታል። ጥቂት ዘመን ካለፈ በኋላ ደግሞ ያ ማኅበር ይፈርሳል፤ አለቃውም እንደ ሌላው ሰው ይሆናል፤ ከበሮውም ካንዱ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አቧራ ይለብሳል። ይህ ነገር በየሀገሩ የታወቀ ነው። ዳሩ ግን የታወቀ ነገር ሁሉ የተመረመረ አይደለምና፣ አንድ ጥያቄ ሳይመለስ ይኖራል። ደመወዝ ሳይቈረጥላቸው ስለ ፍቅር ብቻ ተሰብስበው የዘፈኑ ሰዎች ማኅበራቸው የፈረሰ እንደ ሆነ፣ ድካማቸው ከንቱ ሆነ ይባላልን? ለመፍረሱስ የሚጠየቅበት ማን ነው?

አንዳንድ ሰው ይህን እንደ ትንሽ ነገር ይቈጥረው ይሆናል። መንግሥታት ሲነሡና ሲወድቁ፣ ከተሞች ሲቀኑና ሲፈርሱ፣ ስለ ጥቂት ዘፋኞች መጨነቅ ምን ይረባል ይላል። ነገር ግን በትልቁ የሚታየው ሁሉ በትንሹም ይታያል፤ እንዲያውም በትንሹ ይበልጥ ይጠራል። ማንም ያላስገደዳቸው፣ ማንም ያልቀጠራቸው ሰዎች በገዛ ፈቃዳቸው ሲሰበሰቡና ሲበተኑ የተመለከተ ሰው፣ የሰው ልጅ ኅብረት በምን እንደሚቆምና በምን እንደሚፈርስ በግልጥ ያያል። ደግሞም ይህ ጥያቄ ፍሬ የሌለው ክርክር አይደለም። የሚፈርስ ነገር ሁሉ ከንቱ ነው ብሎ የሚያምን ሰው አንዳች መልካም ነገር ሊጀምር አይደፍርም። የተጀመረ ነገር ከቶ ሊፈርስ አይገባውም ብሎ የሚያምን ሰው ደግሞ ማኅበሩን ለማኖር ሲል ክፉ እስከ መሥራት ይደርሳል። እንግዲህ በሁለቱ ስሕተት መካከል ቀና መንገድ መፈለግ ያስፈልጋል።

መንገዱንም ለማግኘት ከባሌ ደጋ መነሣት ይቻላል። ሮቤ ከአዲስ አበባ ወደ 430 ኪሎ ሜትር ርቃ፣ ወደ 2,500 ሜትር በሚደርስ ከፍታ፣ በሰፊ ሜዳ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከእርስዋ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ የተጓዘ ሰው ጎባ ይደርሳል፤ ከጎባም በላይ የሰነቴ አምባና 4,377 ሜትር ከፍታ ያለው የቱሉ ዲምቱ ተራራ ይገኛል። ሜዳው የስንዴና የገብስ ሀገር ነው። በዚህም ሀገር፣ እንደ ሌላው የኢትዮጵያ ደጋ ሁሉ፣ ከባዱ የእርሻ ሥራ በደቦ ሲሠራ ኖሯል። ጎረቤት ጎረቤቱን ይጠራል፤ አንዱ ያወጣል፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ፤ ማጭዱም ከዜማው ጋር እኩል ይሄዳል። ፀሐይ በጠለቀች ጊዜ ባለ እርሻው ያዘጋጀውን ምግብ አብረው ቀምሰው ሁሉም ወደየቤቱ ይበተናል። ደቦው ተበተነ ብሎ ያለቀሰ ሰው ግን ከቶ አልተሰማም። ምክንያቱም ሥራው ተፈጽሟል፤ ጎረቤትነቱም ስላልተበተነ ነገ በሌላው ሰው እርሻ ላይ ያው ደቦ ይመለሳል።

ከዚህ ቀላል ነገር አንድ መለኪያ ይገኛል። መበተን ሌላ ነው፤ መጥፋትም ሌላ ነው። ሰዎቹ ቢለያዩም ያሰባሰባቸው ፍቅርና ጎረቤትነት ካለ፣ ማኅበሩ ተበተነ እንጂ አልጠፋም። ፍቅሩና ጎረቤትነቱ ከሌለ ግን ሰዎቹ በአንድ አዳራሽ ተሰብስበው፣ አንድ ዓይነት ልብስ ለብሰው ቢታዩም፣ ማኅበሩ ጠፍቷል። በዚህ መለኪያ ብዙ ቆመዋል የተባሉ ማኅበሮች ወድቀው ይገኛሉ፤ ወድቀዋል የተባሉትም ቆመው ይገኛሉ። ይህም እውነት መሆኑን ለመረዳት ታሪክን መጠየቅ ይገባል።

ከባሌ በስተ ሰሜን ምሥራቅ፣ ከዋቢ ሸበሌ ወንዝ ማዶ፣ በድሬዳዋ ከተማ በ1950ዎቹ ዓመታት አንድ የዘፋኞች ማኅበር ተነሣ፤ እዚህ የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ እንደ ኢትዮጵያ አቈጣጠር ናቸው። ስሙም አፍረን ቀሎ ተባለ። ትርጓሜውም አራቱ ቀሎዎች ማለት ሲሆን፣ አላ፣ ኦቦራ፣ ባቢሌና ዳጋ የሚባሉትን የምሥራቅ ሐረርጌ የኦሮሞ ወገኖች የሚያመለክት ነው። ማኅበረተኞቹ ወጣቶች ነበሩ፤ መድረካቸውም ሠርግና በዓል ነበረ። በዚያ ዘመን በከተማው ሠርግ ላይ የዓረብኛና የሌላም ቋንቋ ዘፈን ይሰማ ነበር፤ ኦሮምኛ ግን በገጠር የሚነገር እንጂ በከተማ አደባባይ የሚዘፈንበት ቋንቋ ሆኖ አይቈጠርም ነበር። በትምህርት ቤትና በፍርድ ቤትም ስፍራ አልነበረውም። እነዚያ ልጆች ያደረጉት ነገር ቀላል ነው፤ እናቶቻቸው በቤት የሚናገሩትን ቋንቋ ከዘመናዊ የሙዚቃ መሣሪያ ጋር አስማምተው በሰው ፊት ዘፈኑበት። ቀላል ነገር ግን አንዳንድ ጊዜ ከከባድ ነገር ይልቅ ያስደነግጣል።

ከእነዚያ ልጆች አንዱ ዓሊ መሐመድ የተባለ ነው። ገና ልጅ ሳለ ወደ ማኅበሩ ገብቶ መጀመሪያ የዘፈነው ዘፈን ስለ ቢራ ነበረ፤ ቢራም በኦሮምኛ ከክረምት በኋላ የሚመጣው የጥቢ ወራት ነው። ሰሚው ሁሉ ዘፈኑን ስለ ወደደው ያ ስም በእርሱ ላይ ቀረ፤ ዓሊ ቢራም ተባለ። እንግዲህ በኋላ በኢትዮጵያ ሁሉ የታወቀው ስም ከአባት የተወረሰ ሳይሆን፣ አንድ ደመወዝ የሌለው ማኅበርና ሰሚው ሕዝብ የሰጡት ስም ነው ማለት ነው።

ነገሩ ብዙ አልቈየም። በ1957 ዓ. ም. ገደማ ማኅበሩ ተከለከለ፤ ከማኅበረተኞቹም አንዳንዶቹ ታሠሩ። ጊዜው የመንግሥት ሹማምንት በምሥራቅና በደቡብ የሚሰማውን ድምፅ ሁሉ በጥርጣሬ የሚያዳምጡበት ነበረ፤ በባሌም ከ1955 ዓ. ም. ጀምሮ የገበሬ ዐመፅ ተነሥቶ እስከ 1962 ዓ. ም. ድረስ ቈይቷል። መንግሥት ዐመፅን መፍራቱ አያስደንቅም። ዳሩ ግን የሚፈራውን ነገርና የማይፈራውን ነገር ያልለየ ሹም፣ ጠላቱን የሚያበዛ በገዛ እጁ ነው። በሠርግ ላይ የሚዘፍኑ ልጆች ጦር አልያዙም፤ የያዙት ቋንቋቸውን ነው። ቋንቋውን ስለ ዘፈነበት የታሠረ ልጅ ከእስር ቤት ሲወጣ ከበፊቱ ይልቅ ቋንቋውን ይወዳል እንጂ አይረሳም። ስለዚህ የከለከለው ሰው ማኅበሩን በተነ፤ ዘፈኑን ግን ማጥፋት አልተቻለውም።

የሆነውም እንዲሁ ነው። ዓሊ ቢራ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ገባ። የኦሮምኛን ዘፈን ማኅበር የከለከለው መንግሥት በገዛ ዘበኞቹ የሙዚቃ ክፍል ውስጥ የዚያን ማኅበር ልጅ ተቀበለ ማለት ነው፤ የታሪክ ፍርድ ብዙ ጊዜ እንዲህ ባለ መንገድ ይመጣል። ከዚያም በኋላ በሀገር ውስጥና በውጭ ሀገር ኖሮ፣ በኦሮምኛ ብቻ ሳይሆን በአማርኛ፣ በሐረሪ፣ በሱማልኛና በሌላም ቋንቋ እየዘፈነ፣ ከ50 ዓመት የሚበልጥ ዘመን ካገለገለ በኋላ ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ. ም. ዐረፈ፤ በተወለደባትም በድሬዳዋ ተቀበረ። ዘፈኑ ከዋቢ ወዲህ ማዶ፣ በሮቤና በጎባ ቤቶችም ሲሰማ ኖሯል። እንግዲህ አፍረን ቀሎ ወደቀ የሚል ሰው እውነቱን ተናገረ፤ ጠፋ የሚል ሰው ግን ተሳሳተ።

ሆኖም በዚህ ስፍራ ነገሩን በደስታ መጨረስ አይገባም። አንድ ሰው ስለ ገነነ ሌሎቹ ሁሉ ዋጋቸውን አገኙ ማለት አይደለምና። በዚያ ማኅበር ውስጥ ከበሮ የመቱ፣ ያጨበጨቡ፣ ግጥም የሰጡ፣ ቤታቸውን ለልምምድ የከፈቱ ሰዎች ነበሩ። ከእነርሱም በሕዝብ ዘንድ የታወቁ ጥቂቶች ናቸው። ፍሬውን የበላ ሕዝብ ግን አንዱን ብቻ አመስግኖ የቀረውን የረሳ እንደ ሆነ፣ የባለ ዕዳ ሥራ ሠራ። የተቀበለ ድምፅ ባይኖር ኖሮ ያወጣው ድምፅ ብቻውን ወዴት ይደርስ ነበር? ሰዎች ስለ ኅብረት ሲናገሩ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይላሉ፤ አንበሳው ከታሠረ በኋላ ግን የሚወደሰው አንዱ ክር ብቻ ነው። ይህ የዘፋኞች ብቻ ሳይሆን የማኅበር ሁሉ በሽታ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ከዚህ የከበደ ነው። ከ1967 ዓ. ም. እስከ 1983 ዓ. ም. በነበረው በደርግ ዘመን በየቀበሌው፣ በየአውራጃውና በየክፍለ ሀገሩ የኪነት ቡድን ይቋቋም ነበር። ኪነት የግእዝ ቃል ነው፤ ጥበብ ማለት ነው። ወጣቶች ከትምህርትና ከሥራ በኋላ በቀበሌው አዳራሽ ተሰብስበው ይዘፍናሉ፤ ያሸበሽባሉ፤ ትርዒት ያሳያሉ። አብዛኞቹ ደመወዝ አልነበራቸውም። ከነዚህ ቡድኖች መካከል የወሎው ላሊበላ፣ የጎንደሩ ፋሲለደስና የጎጃሙ ግሽ ዓባይ ስማቸው በሀገሩ ሁሉ ተሰማ። ከ1977ቱ ረኃብ በኋላ በ1980 ዓ. ም. ሕዝብ ለሕዝብ የተባለው ታላቅ የሙዚቃ ጓድ ወደ ውጭ ሀገር በወጣ ጊዜ፣ ከየክፍለ ሀገሩ የተመረጡ ከያንያን በዓለም መድረክ ቆመዋል። ጎባ የባሌ ክፍለ ሀገር ርእሰ ከተማ ስለ ነበረች፣ በእርስዋና በሮቤ የነበሩ ወጣቶችም የዚህ ዘመን ልጆች ናቸው።

ዳሩ ግን ያ የቀበሌ አዳራሽ ሌላ ነገርም ነበረው። ወጣቶቹ በሚዘፍኑበት ግቢ ውስጥ በብዙ ስፍራ የቀበሌው እስር ቤት ይገኝ ነበር፤ በ1969ና በ1970 ዓ. ም. በነበረው የቀይ ሽብር ጊዜ ከነዚያ እስር ቤቶች ወጥተው ያልተመለሱ ብዙ ናቸው። እንግዲህ አንዱ ወንድም በአዳራሹ ሲዘፍን ሌላው ወንድም በስተ ጓሮ ታስሮ ይሰማው ነበር ማለት ነው። የጥያቄው ክብደት እዚህ ላይ ይታያል። ያ ዘፋኝ ምን ፍርድ ይገባዋል? ዘፈኑስ ምን ይባል?

አንዱ ፈራጅ እንዲህ ይላል። ዘፈን በራሱ ንጹሕ ነው፤ ልጁም ድምፁን ወድዶ መጣ እንጂ ሊያስር አልመጣም፤ ሌላ የተከፈተ በር ስላልነበረው በተከፈተው በር ገባ። ሌላው ፈራጅ ደግሞ ይህን ይመልሳል። የከበሮ ድምፅ የጩኸትን ድምፅ የሸፈነ እንደ ሆነ ከበሮው ከወንጀሉ ተባባሪ ነው፤ በአሳሪ ፊት ምስጋና ያቀረበ ድምፅ የእስረኛውን እንባ አረከሰ። ሁለቱም ፈራጆች ከእውነት አንዳንድ ክፍል ይዘዋል። ስለዚህ በዘፋኙና በዘፈኑ፣ በዘፈኑና በአዛዡ መካከል ለይቶ መፍረድ ያስፈልጋል። ድምፁ የእግዚአብሔር ስጦታ ነው፤ ስጦታው አይወቀስም። ልምምዱና መተባበሩ የልጆቹ ፍቅር ነው፤ ፍቅሩም አይወቀስም። ቃሉ ግን የአዛዡ ነበረ፤ የዘፋኙም ድርሻ እያወቀ በተናገረው መጠን ነው። የዐሥራ አራት ዓመት ልጅና የአርባ ዓመት ሰው፣ የፈራና የተጠቀመ፣ በአንድ ሚዛን አይመዘኑም። ይህን ሳይለይ ሁሉንም በአንድነት የሚያወግዝ፣ ወይም ሁሉንም በአንድነት የሚያነጻ ሰው፣ ፍርድ መስጠት ሳይሆን ከፍርድ መሸሽ ነው የያዘው።

በ1983 ዓ. ም. ያ መንግሥት በወደቀ ጊዜ የቀበሌው ኪነት አብሮ ወደቀ። የከለከለው አዋጅ እንኳ አላስፈለገም፤ የሚቀልበው እጅ ሲነሣ በራሱ ተበተነ። አፍረን ቀሎን የበተነው ጠላቱ ነበረ፤ ኪነትን የበተነው ግን የወዳጁ ሞት ነው። በጠላት እጅ የተበተነው ማኅበር በሕዝብ ልብ ውስጥ ቀረ፤ በመንግሥት እጅ ያደገው ማኅበር ግን ብዙ ሰው ሊያስታውሰው የሚያፍርበት ሆነ። ቢሆንም ከዚያ አዳራሽ የወጡ ድምፆች ከዚያ በኋላ የሀገሩን ዘፈን ሲያገለግሉ ኖረዋል። ካልደፈረሰ አይጠራም እንዲሉ፣ ከደፈረሰው ዘመን የጠራ ድምፅ ወጣ። ይህ ግን የደፈረሰውን ዘመን አያመሰግነውም፤ ድምፁን ግን ከመወርወር ያድነዋል።

ሦስተኛው የመፍረስ መንገድ ከውጭ ሳይሆን ከውስጥ የሚመጣ ነው፤ ይህም በየከተማው የሚታይ ስለ ሆነ የማንንም ስም መጥራት አያሻም። በመጀመሪያው ወር ሁሉም ከሰዓቱ በፊት ይደርሳል። በሦስተኛው ወር ሰው ሰምቶ ያጨበጭባል። ጭብጨባው በተሰማ ጊዜ ማን በፊት ይቁም የሚል ነገር ይነሣል። ከዚያም አንድ ባለጸጋ ለሠርጉ ጠርቷቸው ጥቂት ብር ይሰጣል፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ያልታየ ሒሳብ ይታያል። ዐሥር ሰው ሳይከፈለው ለአንድ ዓመት በሰላም የዘፈነ ማኅበር፣ ለአንድ ሌሊት ተከፍሎት በአንድ ሳምንት ይጣላል። ከዚያም አንዱ ያገባል፤ አንዱ ወደ ሌላ ከተማ ይዛወራል፤ አንዱም የተሻለ መድረክ አግኝቶ ይሄዳል። የቀሩት የሄደውን ከዳተኛ ይሉታል። የሄደው ደግሞ የቀሩትን ምቀኛ ይላቸዋል።

በዚህ ክርክር ውስጥ ማን ትክክል ነው? ስጦታውን ወደ ሰፊ መድረክ የወሰደ ሰው በደለ ማለት አይቻልም፤ ዓሊ ቢራም በድሬዳዋ ሠርግ ብቻ ቢቀር ኖሮ ባሌ ባልሰማው ነበር። በደሉ በመሄዱ ሳይሆን በአካሄዱ ነው። ያስተማሩትን ሳያመሰግን፣ በእርሱ ስፍራ የሚቆመውን ሳያስተምር፣ የጋራ የሆነውን ዜማ የግሉ አድርጎ የሄደ ሰው ዕዳ ተሸክሞ ሄደ። እንዲሁም የቀሩት በመቅረታቸው ብቻ ጻድቃን አይሆኑም። ሌላውን በማኅበር ስም አስሮ ማስቀረት ፍቅርን ወደ ገባርነት መለወጥ ነውና።

ገንዘብ ሁሉን ያበላሻል የሚለውም አባባል በመጠን መወሰድ አለበት። የሀገር ፍቅር ማኅበር በ1927 ዓ. ም.፣ የኢጣልያ ጦር ሊወርር በተዘጋጀበት ጊዜ፣ በእነ መኰንን ሀብተ ወልድ ተመሠረተ፤ ሥራውም የሕዝቡን ልብ ለሀገሩ ማነቃቃት ነበረ። ወረራው አቋረጠው፤ ከነጻነት በኋላ ግን ተመልሶ ተነሣ፤ ቤትና ሠራተኛ አግኝቶ ቲያትር ቤት ሆኖ ጸና። ደመወዝ ባይኖር ኖሮ ይህን ያህል ዘመን ባልጸና ነበር። በሌላ በኩል በ1955 ዓ. ም. ገደማ በግብጽ በተወለደው በሐሊም ኤል ዳብህ አነሣሽነት በዩኒቨርሲቲው ሥር የተቋቋመው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ፣ ከየብሔረሰቡ የመጡትን ክራር፣ መሰንቆ፣ ዋሽንት፣ በገናና እምቢልታ አንድ ላይ አስማምቶ አሰማ። በኋላም በተስፋዬ ለማ መሪነት ጸንቶ፣ በ1961 ዓ. ም. እስከ አሜሪካ ድረስ ተጉዞ ዘፈነ፤ በ1967 ዓ. ም. ግን ሥራው አበቃ። ዕድሜው ዐሥራ ሁለት ዓመት ያህል ብቻ ነው። ከፈረሰም ከ30 ዓመት በኋላ ድምፁ በፈረንሳይ ሀገር ተሰናድቶ በወጣ ጊዜ፣ ማኅበሩን ያላዩ ሰዎች ሰሙት። እንግዲህ አንዱ በቤትና በደመወዝ ጸና፤ ሁለተኛው በተቀረጸ ድምፅ ኖረ። ገንዘብ ማኅበርን የሚያፈርሰው የፍቅርን ስፍራ የወሰደ እንደ ሆነ ነው፤ ፍቅርን ያገለገለ እንደ ሆነ ግን ግድግዳና ጣራ ይሆናል።

ከነዚህ ሁሉ የሚለይ አራተኛ ነገር ደግሞ አለ፤ ይኸውም ሥራ ሲያልቅ የሚመጣው ዝምታ ነው። ዛሬ በባሌና በአርሲ ሜዳ በብዙ ስፍራ ስንዴውን የሚያጭደው ኮምባይነር ነው። የአጨዳውን ዜማ የከለከለ አዋጅ አልወጣም፤ ዘፋኞቹም አልተጣሉም፤ ሥራው ወደ ብረት ስለ ተላለፈ ዜማው ባለቤት አጣ እንጂ። ገበሬውም ኮምባይነሩን በመጥራቱ አይወቀስም፤ ዝናብ ሳይመጣበት እህሉን ማግባት አለበትና። እንደዚህ ያለውን ዝምታ የሚያክም መከላከል አይደለም። ዜማው የሚያድርበትን ሌላ ቤት መሥራት ነው።

ቤት ስለ ማግኘት ሲነገር ሁለት የቈዩ ምስክሮች ይጠራሉ። አንደኛው የቅዱስ ያሬድ ዜማ ነው። ያሬድ በ6ኛው መቶ ዘመን በአክሱም እንደ ነበረ ይነገራል፤ ግእዝ፣ ዕዝልና ዓራራይ የተባሉትም ሦስቱ ዜማዎች በስሙ ይጠራሉ። ከእርሱ ጋር ያዜሙት ሁሉ ሞተዋል፤ የቆሙባቸውም ብዙ አድባራት በየዘመኑ ጦርነት ተቃጥለዋል። ከግራኝ ጦርነት በኋላ ድጓው በቤተ ልሔም እንደ ተገኘ፣ በዐፄ ገላውዴዎስም ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የዜማውን ምልክት እንደ ሠሩለት ሊቃውንቱ ያስተምራሉ። ዜማውን ያዳነው የሕንፃው ጽናት አይደለም፤ መምህሩ ከመሞቱ በፊት ደቀ መዝሙር መኖሩ ነው። ሁለተኛው ምስክር በባሌ ምድር የሚገኘው የድሬ ሼክ ሑሴን ጉዞ ነው። ተጓዦቹ ባላ ዱላቸውን ይዘው፣ በኦሮምኛ ውዳሴ እየተቀባበሉ ከሩቅ ሀገር ይመጣሉ፤ በዓሉ ሲፈጸምም ይበተናሉ። አለቃ የለም፤ መዝገብ የለም፤ ደመወዝም የለም። ነገር ግን በሚመጣው ዓመት ደግሞ ይመለሳሉ፤ ልጅም ውዳሴውን ከአባቱ ጋር በመንገድ ሲሄድ ይማረዋል። በሃይማኖት የተለያዩት እነዚህ ሁለት ነገሮች በአንድ ነገር ይስማማሉ። ሁለቱም የጸኑት ተረካቢ ስለ ነበራቸው ነው።

እንግዲህ በመጀመሪያ ለተጠየቀው ጥያቄ መልስ መስጠት ይቻላል። ስለ ፍቅር የተሰበሰበ ማኅበር ቢፈርስ ድካሙ ከንቱ አይደለም። የዘፈነው ሰው ሌላውን ለመስማት ድምፁን ዝቅ ማድረግን ተምሯል፤ የሰማውም ሰው የገዛ ቋንቋው ያማረ መሆኑን ዐውቋል። ይህን የመሰለ ትምህርት ማኅበሩ በመፍረሱ አይመለስም። ነገር ግን ይህ መልስ ለሰነፍ መደበቂያ እንዳይሆን መጠንቀቅ ያሻል። ሁሉም ያልፋል እያለ ለተረካቢ ሳያወርስ ያፈረሰ ሰው፣ ከሁሉ በፊት ለሚመጣው ትውልድ ባለ ዕዳ ነው። ለመፍረሱ የሚጠየቅበትም እንደ አፈራረሱ ይለያያል። በግፍ የተበተነ እንደ ሆነ ግፈኛው ይጠየቃል። ለሌላ ሰው ክብር ብቻ ሲቀለብ ኖሮ የተበተነ እንደ ሆነ ቀላቢው ይጠየቃል፤ እያወቀ የተቀለበውም ከድርሻው አያመልጥም። በስም ሽሚያና በሒሳብ የተበተነ እንደ ሆነ ማኅበረተኞቹ ሁሉ ይጠየቃሉ። ሥራውን ፈጽሞ፣ ለተረካቢ አስረክቦ የተበተነ እንደ ሆነ ግን የሚጠየቅ የለም፤ ፀሐይ ስትጠልቅ የተበተነ ደቦ ነውና።

በሮቤም ሆነ በጎባ፣ ወይም በሌላ ከተማ እንዲህ ያለ ማኅበር ለመጀመር የሚያስቡ ወጣቶች፣ ከነሱም በላይ የሚመክሯቸው አባቶች፣ ከዚህ ሦስት ነገር ሊይዙ ይችላሉ። አንደኛው፣ ያወጣውን ብቻ ሳይሆን የተቀበለውንም ስም በመዝገብ መጻፍ ነው፤ የተጻፈ ስም ባለ ዕዳውን ያስታውሳልና። ሁለተኛው፣ ገንዘብ ከመምጣቱ በፊት ስለ ገንዘብ መስማማት ነው፤ ከመጣ በኋላ የሚደረግ ስምምነት ከጠብ አያድንም። ሦስተኛው፣ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ታናናሾችን ከኋላ አቁሞ ማስተማር ነው። አባትም ልጁ ወደ ልምምድ ሲሄድ ባየ ጊዜ ነገ ለሚፈርስ ነገር ትደክማለህ ብሎ አይከልክለው። ይልቁንም በምን ቃል እንደሚዘፍንና ለማን ክብር እንደሚዘፍን ይጠይቀው። የመጀመሪያው ንግግር ልብን ይሰብራል፤ ሁለተኛው ጥያቄ ግን ልብን ያቀናል።

የባሌ ገበሬ ከአውድማው ያገባውን ስንዴ ሁሉ አይበላውም። የሚበጀውን መርጦ ለዘር ያስቀምጣል፤ በጊዜውም ወደ ጥቁሩ አፈር ይመልሰዋል። የተዘራው ዘር ከሰው ዐይን ይሰወራል፤ ጠፋ ግን አይባልም። የጠፋው ዘር ሳይዘራ በጎታው የነቀዘው ነው።